መራራ ኤል ቀምሶ መፍረድ፦ ጌሾ የለመደ ምላስ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

በጎጃም ያደገ ሰው መራራን የሚያውቀው ከመጠጥ ቤት ሳይሆን ከቤቱ ጓዳ ነው። ጠላ በሚጠነሰስበት ሰሞን የጌሾው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ይሰነብታል፤ ጠላው ሲደርስም እናት አስቀድማ የምትቀምሰው፣ ቀጥላም ለጎረቤት የምታስቀምሰው፣ ጌሾው በዝቶበት ወይም አንሶበት እንደሆነ ለመለየት ነው። እንዲህ ያለ ምላስ ሆፕ (ቢራን የሚያመርር ተክል) የበዛበትን መራራ ኤል የተባለ የቢራ ዓይነት ለመቅመስ ከብዙዎች የተሻለ ዝግጅት እንዳለው አምናለሁ። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣ የሚያመጧቸውን እነዚህን ቢራዎች ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ደጋግሜ ስቀምስ የታዘብኩት፣ የሚያሳስተንም ያው የሠለጠነ ምላስ መሆኑን ነው፤ የጠላን ፍርድ ሳናውቀው ኤሉ ላይ እንጭነዋለን። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ፈጽሜያቸዋለሁ።

ሆፕን «ጌሾ» ብሎ ማለፍ

የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ሆፕ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «ጌሾ» ይባላል፤ ሁለቱም መጠጥ የሚያመርሩና ከመበላሸትም የሚከላከሉ በመሆናቸው ትርጉሙ ከሥራቸው አንጻር አያስነቅፍም። በተፈጥሯቸው ግን የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ጌሾ ቁጥቋጦ ሲሆን የምንጠቀመው በቅጠሉና በእንጨቱ ነው፤ ጌሾይዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ጨምሮ ምሬቱ በጥንስሱ ውኃ ውስጥ እየተዘፈዘፈ፣ እሳት ሳይነካው፣ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሆፕ ግን እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ሲሆን ለጠመቃ የሚፈለገው የእንስቷ ተክል አበባ ነው፤ በአበባው ቅጠሎች ሥር ቢጫ ዱቄት የመሰለ ሙጫ ይገኛል። በዚህ ሙጫ ውስጥ ያሉት አልፋ አሲዶች በቀዝቃዛ ውኃ እምብዛም አይሟሙም፤ መራራ የሚሆኑት ከብቅሉ ጭማቂ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ሲፈሉና በፈላው ውስጥ ቅርጻቸው ሲለወጥ ነው። የሆፕ መዓዛ የሚገኝበት ዘይት ደግሞ በተቃራኒው በመፍላት ብዛት ተንኖ ያልቃል።

ከዚህ የተነሣ ጠማቂው ሆፑን በየደረጃው ይጨምራል። መጀመሪያ የገባው ሆፕ ምሬት ይሰጣል፤ እሳቱ ሊጠፋ ሲል የገባው መዓዛ ይሰጣል፤ መጠጡ ቀዝቅዞ በእርሾ ከተብላላ በኋላ የሚነከረው ደግሞ ምሬት ብዙም ሳይጨምር ሽታውን ብቻ ያጎላዋል። በጠላ ላይ «ጌሾው በዛ» ማለትና «መረረ» ማለት አንድ ነው፤ በኤል ላይ ግን ሆፕ የበዛበት ሁሉ መራራ አይደለም። ይህን ያልለየ ቀማሽ አፍንጫውን በማንጎና በብርቱካን መዓዛ የሞላውን፣ ምላስ ላይ ግን ለስላሳ የሆነውን ኤል «ሆፕ አንሶታል» ብሎ ይጽፋል፤ እኔም አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ።

የሆፕ ዝርያም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ለገበሬዎች የቀረበው ካስኬድ የተባለው ዝርያ የግሬፕ ፍሩትና የአበባ ሽታ ያለው ሲሆን፣ የቼኮቹ ሳዝ ለስለስ ያለ የቅጠላ ቅጠልና የቅመም ሽታ አለው፤ የእንግሊዞቹ ነባር ዝርያዎች ወደ አፈርና ወደ ሣር ያደላሉ። የዳንግላን ጌሾ ከዘጌው እየለየ «ይሄ ይበልጣል» ብሎ በገበያ የሚከራከር ሕዝብ ይህን ልዩነት ለመለየት የሚቸግረው አይመስለኝም፤ የሚቸግረው ልዩነት አለ ብሎ አለመጠበቁ ነው።

በረዶ አድርጎ መጠጣትና አፍንጫን መርሳት

ባሕር ዳር በበጋ ሙቀት ቢራ የሚቀርበው ጠርሙሱ እስኪያልበው ቀዝቅዞ ነው፤ ለጥም ይህ ደግ ነው። ለመቅመስ ግን እጅግ የቀዘቀዘ ኤል ሽታውን ይደብቃል፣ ምላስንም ያደነዝዛል፤ የሚቀረውም ጥሬ ምሬት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ኤል ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ቢቀመስ ይመረጣል፤ ከማቀዝቀዣ ካወጡት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ዕቃውም ይወስናል። ከጠርሙሱ አፍ የሚጠጣ ሰው የሚያሸተው ቆርኪውን ያህል ቀዳዳ ብቻ ነው። ብርሌም፣ ምንም እንኳ ለዓይን የሚያምር ቢሆን፣ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል፤ እስከ ሲሶው ድረስ ቀድቶ ማዞር፣ ከዚያም አፍንጫን አስገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ማሽተት ያስፈልጋል። ብርጭቆው የወጥ ቅባት ከነካው አረፋው ወዲያው ይጠፋልና ተለይቶ መታጠብና በደንብ መለቅለቅ አለበት። በአረፋ ላይ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ በቆላ ከተማ የታሸገ ጠርሙስ እዚያ ሲከፈት አረፋው ከልኩ አልፎ ይገነፍላል። ይህን አይቶ «ጋዙ በዝቷል» ብሎ መጻፍ የተራራውን ዕዳ ለጠማቂው ማስከፈል ነው።

በመጀመሪያው ጉንጭ መፍረድ

በአገራችን በብዛት የሚጠመቁት ቢራዎች ላገር ናቸው፤ ላገር በቀዝቃዛ ቦታ በሚሠራ እርሾ የሚብላላ ሲሆን፣ ኤል ደግሞ ሞቅ ባለ ቦታ በሚሠራ ሌላ እርሾ የሚብላላና የፍራፍሬ ጣዕም የሚያተርፍ ነው። የቢራ ምሬት አይቢዩ በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ አንዱ አይቢዩ በአንድ ሊትር ውስጥ ካለ አንድ ሚሊ ግራም ያህል የሆፕ መራራ አሲድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ቀለል ያለ ላገር ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ሲሆን፣ አይፒኤ የተባለው የኤል ዓይነት ግን ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። ከላገር በቀጥታ ወደዚህ የተሻገረ ምላስ በመጀመሪያው ጉንጭ መደንገጡ አይቀርም፤ ድንጋጤው ግን የመጠጡ ባሕርይ ሳይሆን የለመድነው መለኪያ ነው። ምሬት ዘግይቶ የሚመጣና ከዋጡት በኋላ የሚቆይ ጣዕም በመሆኑ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ጉንጭ መታገሥ ይገባል። ወይን ቀማሾች እንደሚያደርጉት መትፋትም እዚህ አይረዳም፤ ከመዋጥ በኋላ በጉሮሮና በአፍንጫ በኩል የሚመለሰው ሽታ የኤሉ ግማሽ ነውና።

ቁጥሩንም እንደ ፍርድ መውሰድ አይገባም። ብቅሉ የበዛና ጣፋጭነት የተረፈው ባለ 60 አይቢዩ ኤል፣ ስኳሩ ተሟጦ ካለቀበት ባለ 40 ኤል ያነሰ መራራ ሆኖ ሊቀመስ ይችላል። መመዘን ያለበት ምሬቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እንዴት ያለ እንደሆነ ነው፦ ንጹሕ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ነው? ወይስ እንደ ግራዋ ቅጠል ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚከርር? ሁለተኛው ከመራራነት ይልቅ ጉድለት ነው።

የጠላን ሙገሳና ነቀፋ ኤል ላይ መጫን

ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ጠላው የሚያገኘው የጭስ ሽታ የባለሙያዋ ማዕረግ ነው። ሆፕ በበዛበት ኤል ውስጥ የሚገኝ የጭስ ወይም የመድኃኒት ሽታ ግን፣ ብቅሉ ሆን ተብሎ በጭስ ካልደረቀ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ የባዕድ እርሾ ወይም የማጠቢያ ክሎሪን ምልክት ነው፤ «የጥሩ ጠላ ጠረን አለው» ብሎ ማመስገን ይቅር። ኮምጣጣነትም እንዲሁ ነው። የቆየ ጠላ ትንሽ ቢጎመዝዝ እንታገሠዋለን፤ የሆፕ አሲዶች ግን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ስለሚያዳክሙ፣ መራራ ኤል ጎምዝዞ ከተገኘ፣ ኮምጣጣ ተብሎ ካልተጠመቀ በቀር፣ ጥፋት ደርሶበታል ማለት ነው። ምሬትና ጉምዘዛ አንድ ላይ ሲመጡ ለምላስ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው።

ደፍራሳነት ግን በተቃራኒው ሊያስደነግጥ አይገባም። ጉሽን ከፊልተር ጠላ የሚለይ ሰው ያልጠራ ሁሉ ያልደረሰ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አንዳንድ ኤሎች ሆን ተብለው ደፍራሳ ይደረጋሉ።

የጠርሙሱን መንገድ ሳያውቁ ጠማቂውን መውቀስ

የሆፕ መዓዛ በቀላሉ ይጠፋል። አየር ሲነካውና ሙቀት ሲያገኘው የፍራፍሬው ሽታ ይደበዝዛል፤ በምትኩ የእርጥብ ካርቶን ሽታና የደረቀ ጣፋጭነት ይመጣል። ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በአውሮፕላን ሆድ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አቋርጦ፣ በመጨረሻም በአንዱ ዘመድ ቤት ቁም ሣጥን ላይ መንፈቅ የሰነበተ ጠርሙስ ቀምሰን «የተወራለትን ያህል አይደለም» ብለን እናውቃለን። ለፍርድ የሚቀርብ መራራ ኤል ከታሸገ በሦስት ወር ውስጥ ቢቀመስ መልካም ነው፤ ስለዚህ የታሸገበትን ቀን ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ ከግምገማው ጋር መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ቀኑ ካለፈ ያለፈ መሆኑን ገልጾ መጻፍ ይቻላል፤ ደብቆ መውቀስ ግን ነውር ነው።

ከዚህ የሚከፋው ብርሃን ነው። ፀሐይ የሆፑን መራራ አሲድ ስትመታው ድኝ ያለበት እጅግ የሚገማ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ፈረንጆች ስኩንክ ከሚባል በእኛ አገር ከሌለ እንስሳ ጠረን ጋር ያመሳስሉታል፣ ለእኔ አፍንጫ ግን የተቃጠለ ጎማና ያደረ ነጭ ሽንኩርት ይመስለኛል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በብዛት ይከላከላል፤ አረንጓዴውና ነጩ ግን እምብዛም አያድኑም። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ጠርሙስ ገዝቶ መቅመስና መፍረድ ዋጋ የለውም።

ከዶሮ ወጥ በኋላ መቅመስ

ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በርበሬ ያቃጠለው ምላስ ላይ ምሬቱና አልኮሉ ይባባሳሉ፤ ቡናም የራሱን ምሬት አስቀድሞ ያስቀምጣል። በቅምሻዎች መካከል ውኃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ ይበቃል፤ እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ አይሆንም። ብዙ ዓይነት ከቀረበ ከለስላሳው ወደ መራራው መሄድ፣ ለእያንዳንዱም ከ100 ሚሊ ሊትር አለማለፍ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ኤሎች ብዙዎቹ 6 እና 7 በመቶ አልኮል ስላላቸው በአራተኛው ብርጭቆ ላይ የሚጽፈው ቀማሹ ሳይሆን መጠጡ ነው። የሚቻል ከሆነም ሌላ ሰው ቢቀዳ፣ ቀማሹም የጠርሙሱን ስምና ዋጋ ሳያይ ቢጽፍ ይበልጥ ይታመናል።

በተውሶ ቃል መጻፍ

ቀምሶ ያወቀ ሰው ሲጽፍ ግን «ጥሩ ነው»፣ «ይመራል»፣ «ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ሲያበቃ ያሳዝናል፤ ቁጥር ያለ ምክንያት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ሌላው ደግሞ ከጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን ይገለብጣል፦ ቀምሶት የማያውቀውን የፍራፍሬ ስም፣ አሽትቶት የማያውቀውን የደን ሽታ ይደረድራል። እኛ ግን የራሳችን ሞልቶናል። የሎሚ ልጣጭ፣ የበሰለ ዘይቱን፣ የጥድ ሙጫ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የታጨደ ሣር ለሆፑ ይሆናሉ፤ በሶ፣ አሻሮ፣ የዳቦ ቅርፊትና የጫካ ማር ለብቅሉ ይሆናሉ። የቅቤ ሽታ ከመጣም «ቅቤ ይሸታል» ማለት በቂ ነው፤ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የታሸገ ኤል የሚታወቅበት አንዱ ምልክት ነውና ጠማቂው ራሱ ይረዳዋል።

የራስን ምርጫ ከመጠጡ ጥራት ጋር መቀላቀልም እዚሁ ላይ ይገለጣል። መራራ የማይወድ ሰው የመራራን ኤል ምሬት እንደ ጉድለት ከመዘገበ፣ ጌሾ የማይወድ እንግዳ ጠላችንን እንዳጣጣለብን ያህል ነው። «ለእኔ አይስማማኝም፤ ለዓይነቱ ግን በሚገባ የተጠመቀ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ያስከብራልም።

በቅርቡ ባሕር ዳር ከቀመስነው ኤል ላይ አንድ ወዳጄ የጻፈውን ማስታወሻ እዚህ ማስፈር እወዳለሁ፦ «ከታሸገ ሁለት ወሩ፣ ቡናማ ጠርሙስ፣ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ሃያ ደቂቃ። መልኩ እንደ ጠጅ ቢጫ፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ። ሲያሸቱት የሎሚ ልጣጭና ከኋላው የጥድ ሙጫ። መጀመሪያ በሶ በማር፣ ቀጥሎ ምሬቱ ከጎን እንደ ሌባ ገባ፤ ከዋጥኩት በኋላ እስከ ሃያ ስቆጥር ቆየ፣ አልከረረም። ከጌሾ ምሬት የሚለየው ማድረቁ ነው። ሦስተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ይሻላል።»