በወሎ ገጠር የቀበሌን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠብቆ ለማቆየት

የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትልቁ ዋጋው ቅርበቱ ነው። በደላንታም ሆነ በመቄት፣ በአምባሰልም ሆነ በለጋምቦ፣ ዓይን ለዓይን የሚተያዩ ሁለት ጎጦች በገደልና በወንዝ ተለያይተው ስለሚገኙ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን በየዕለቱ ተመላልሶ ሊማር የሚችለው ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ሳይርቅ ሲገኝ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምሩ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱትም ለዚሁ ነው። እነዚህን ማቆየት ከሁሉ በፊት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱና የቀበሌው ሥራ ነው።

ጥገናው ከክረምት በፊት መጠናቀቅ አለበት። በልግ በሚያመርቱ ደጋማ ወረዳዎች ሰኔና ሐምሌ የአጨዳ ጊዜ በመሆኑ ደቦው በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ቢጠራ ይመረጣል። የጭቃ ግድግዳን የሚያፈርሰው ውኃ ነውና አስቀድሞ ጣራው ይታይ፤ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር በአዲስ ይተካ፣ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ክፍሎቹ እንዳይደርስ ከላይ በኩል የመቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ልስን የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ሳይብላላ ከተለሰነ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና መቻኮል አይገባም። በቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ምስጥ እንጨቱን ከሥሩ ስለሚበላው፣ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ ዕድሜው ይረዝማል።

በእኔ እምነት ከመማሪያ ክፍሉ እኩል ሊታሰብበት የሚገባው የመምህራን መኖሪያ ነው። ማደሪያ የሌለው መምህር ከከተማ እየተመላለሰ ሰኞ ያረፍዳል፣ ዓርብ ቀድሞ ይወጣል፣ በመጨረሻም ዝውውር ይጠይቃል፤ መምህሩ የሄደበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለማጣት ብዙ አይቆይም። በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያሰባስበው ቅሬ (የወሎ ዕድር) ቀድሞውኑ የተደራጀ ጉልበት፣ ተራና የቅጣት ደንብ ስላለው፣ እንጨትና ድንጋይ በማቅረብ ሁለት ክፍል ቤት ማቆም አይከብደውም።

የነሐሴው ምዝገባ በየጎጡ ቤት ለቤት ይካሄድ። መምህርም ሆነ መጽሐፍ ሆነ የድጎማ በጀት የሚመደበው በተማሪ ቁጥር በመሆኑ ያልተመዘገበ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ያዳክማል። ቁጥሩን አጋንኖ ማቅረብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተመዘገበው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲታጣ ትምህርት ቤቱ ታማኝነቱን ያጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ጊዜ ልጆች እንዳይቀሩ ጎረቤታሞች ከብት በተራ ቢጠብቁ ይጠቅማል።

የቅጥሩ ሣርና ባሕር ዛፍ በጨረታ ይሸጥ፤ ገንዘቡ በሞዴል 64 (በመንግሥት የገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ ሒሳቡ በወላጆች ስብሰባ ይነበብ። የቅጥሩ ድንበር እንዳይገፋም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይውጣ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል። ጉዳቱ ገና ያልተጠገነ ከሆነ፣ የጎደለው ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ በርና ቆርቆሮ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶና በቃለ ጉባኤ ጸድቆ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መቅረብ አለበት። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ በኩል ከከተማና ከውጭ አገር የአካባቢው ተወላጆች ድጋፍ ሲጠየቅም ይኸው ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ለጋሹ ምን እንደጎደለ በግልጽ ሲያይ እጁን ለመዘርጋት አያመነታም።

ትምህርት ቤቱን ከጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን ከሚያስተባብረው ዋና ትምህርት ቤት ጋር ለማዋሐድ ሐሳብ ከቀረበ፣ ወላጆች በስሜት ከመቃወም ይልቅ መንገዱን በሕፃን እርምጃ ተጉዘው የፈጀውን ሰዓት ይመዝግቡ፣ ወንዙ በክረምት የሚሞላባቸውን ወራትም ይጻፉ። ውሕደቱ የማይቀር ከሆነ ቢያንስ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ክፍሎች በቦታቸው እንዲቆዩ፣ ተማሪዎቹ ጥቂት ከሆኑም አንድ መምህር ሁለት ክፍሎችን አጣምሮ እንዲያስተምር በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው በወላጆች ፊርማ ተደግፎ፣ የምዝገባው መዝገብና የመንገዱ መረጃ ተያይዞበት፣ የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ለወረዳው ሊደርስ ይገባል።