ትልቅ የፍርድ ቤት መዝገብን በኢሜይል ለመላክ፦ ፒዲኤፍን በመጠን እንዴት እንከፍላለን?

የምሠራው ልደታ አካባቢ፣ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። የእኔ ድርሻ የወረቀት መዝገቦችን ስካን አድርጎ ለደንበኞችና ውጭ አገር ላሉ ወራሾች መላክ ነው። የውርስ መዝገብ አጭር ሆኖ አያውቅም። የክስ ማመልከቻው፣ መልሱ፣ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የይዞታ ካርታው፣ የምስክሮች ቃል፣ ብይንና ትእዛዙ እየተደራረበ ሦስትና አራት መቶ ገጽ ይሞላል፤ ስካን ሲደረግም ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፒዲኤፍ ይወጣዋል። ጂሜይል ደግሞ ከመልእክት ጋር አባሪ የሚያደርገው እስከ 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። መክፈል ግድ ይሆናል። በአከፋፈሉ ላይ ግን ጽኑ አቋም አለኝ፦ መጠኑን ኮምፒውተሩ ይለካ፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ሰው ይወስን።

ፕሮግራሙ የሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። የተሰጠው ገደብ ሲሞላ ይቆርጣል፤ የቆረጠው በምስክር ቃል መካከል ይሁን በፍርዱ መካከል አይገደውም። የፍርዱ ሐተታ በአንድ ፋይል፣ ውሳኔውና ትእዛዙ በሌላ ፋይል ከተለያዩ፣ በስልኳ አንዱን ብቻ የከፈተች ወራሽ የተፈረደላትን የተፈረደባት አድርጋ ልትረዳው ትችላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰዎች የቤታቸውን ዕጣ የሚያውቁት ከእነዚህ ገጾች ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ስካኑን ይመልከቱ። አንድ ኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። በሙሉ ቀለም ከተነሣ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በግራጫ ከሆነ የዚህ አንድ ሦስተኛ። ሲጨመቅ ሁለቱም በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ባለ ቀለሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ እንደሆነ ይቀራል። እኔ በኮምፒውተር የተተየቡትን ገጾች በግራጫ፣ በ200 ነጥብ አነሣለሁ። የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ 300 ይፈልጋል። ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ገጽ እንዲሁም የይዞታ ካርታውን ሁልጊዜ በቀለም አነሣለሁ፤ ወይን ጠጁ ማኅተም በግራጫ ሲነሣ ከጽሑፉ ጋር ተደባልቆ አይነበብም። ይህን ብቻ በማስተካከል መክፈል ሳያስፈልገው የሚቀር መዝገብ አለ።

ቀጥሎ ገደቡን ይወስኑ። ተቀባዩ 25 ሜጋባይት ይቀበላል ማለት የ25 ሜጋባይት ፋይል ያልፋል ማለት አይደለም። ኢሜይል አባሪውን ወደ ፊደላት ቀይሮ ስለሚያጓጉዝ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ በሲሶ ያብጣል። ስለዚህ 25 ለሚቀበል 18፣ 10 ለሚቀበል መሥሪያ ቤት 7 ሜጋባይት ብለው ያስቡ። ገደቡ የሚሠራው በጠቅላላው መልእክት ላይ በመሆኑ ሁለት ክፍሎችን በአንድ ኢሜይል አያይዞ መላክ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ለመክፈል የምጠቀመው ፒዲኤፍ ሳም ቤዚክ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሚጨርሰው ያለ ኢንተርኔት፣ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይል ሰቅለው የሚከፍሉባቸው ድረ ገጾች ሞልተዋል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የቤተሰብ ጠብ የሰፈረበትን መዝገብ ግን እዚያ ላይ መስቀልን አልደግፍም፤ ገመናው የደንበኛው ነው።

ፕሮግራሙን ከፍተው «ስፕሊት ባይ ሳይዝ» የሚለውን ይምረጡ፤ ፒዲኤፉን ጎትተው ያስገቡ፤ መጠኑን ጽፈው ሜጋባይት የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ የሚቀመጥበትን ፎልደር ይምረጡና «ራን» የሚለውን ይጫኑ። እዚህ ላይ 18 ብለው አይጻፉ፤ 13 ወይም 14 ይጻፉ። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

የወጡትን ክፍሎች አንድ በአንድ ይክፈቱና እያንዳንዱ በዋናው ፒዲኤፍ አቆጣጠር በየትኛው ገጽ እንዳለቀ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ክፍል ገጽ 58 ላይ አልቋል እንበል፤ ገጽ 58 ግን ከገጽ 53 የጀመረ የምስክር ቃል መካከል ነው። መቁረጫውን ወደ ኋላ፣ ወደ ገጽ 52 ይመልሱት። ወደ ፊት አይግፉት፤ ክፍሉ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። ወደ ኋላ ሲመልሱት የተረፉት 6 ገጾች የሚቀጥለውን ክፍል ያሳድጉታል፤ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ቦታ የተውነው ለዚህ ነው። ሁሉንም መቁረጫዎች ካስተካከሉ በኋላ ወደ ዋናው ፒዲኤፍ ይመለሱ፤ በዚያው ፕሮግራም «ስፕሊት» በሚለው ክፍል የገጽ ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ ለይተው ያስገቡ፤ 52፣ 101፣ 149 እያሉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ይቆርጥልዎታል።

አንድ ሰነድ ብቻውን ከገደቡ ከበለጠ መሰንጠቁ አይቀርም፤ በስሙ ላይ «ፍርድ 1 ከ2» ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። አንድ ገጽ ብቻውን ገደቡን ካለፈ ግን ፕሮግራሙ ገጽን ለሁለት ስለማይሰነጥቅ ያንን ገጽ ዝቅ ባለ ጥራት እንደገና ስካን ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለውም። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የተጣጠፈው የቦታ ፕላን ነው።

ስም አሰጣጡን አደራ። «01 የክስ ማመልከቻ ገጽ 1-52» ዓይነት ስም ተቀባዩን ከብዙ ጥያቄ ያድናል። ከ10 በታች ላሉት ፊታቸው ላይ ዜሮ ይጨመር፤ አለበለዚያ በአንዳንድ መሣሪያ ላይ 10ኛው ክፍል ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። የክፍሎቹ መጠን ሲደመር ከዋናው ትንሽ ቢበልጥ አይደንግጡ፤ የጋራ የሆኑ የፊደል ቅርጾችና ምስሎች በየክፍሉ ስለሚደገሙ ነው። መደመር ያለበት የገጽ ብዛት ነው፤ እሱ ከዋናው ጋር እኩል ካልሆነ አይላክ።

ዲጂታል ፊርማ ያረፈበትን ፒዲኤፍ አይክፈሉት፤ ሲከፈል ፊርማው ዋጋ ያጣል። እሱን ሳይነካ በቴሌግራም መላክ ይሻላል፤ እስከ 2 ጊጋባይት ያለ ፋይል ይቀበላልና። የቀሩትን በኢሜይል ሲልኩ በእያንዳንዱ ርእስ ላይ የመዝገቡን ቁጥርና «ክፍል 1 ከ6» የሚለውን ይጻፉ፤ ተቀባዩም ስድስቱም መድረሳቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።