ረጅም የኬሚካል ስም? ከጭራው ጀምሩት

የዲዲቲን ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ አንብቡ ብትባሉስ? ዳይክሎሮዳይፌኒልትራይክሎሮኤቴይን። ብዙዎቻችን ዳይክሎሮ ብለን ቀሪውን እናጉተመትማለን። እኔም እንደዛ ነበርኩ።

መጀመሪያ የቁጥር ቃላቱን ፈልጉ። ዳይ 2፣ ትራይ 3፣ ቴትራ 4 ማለት ነው። ከእያንዳንዳቸው ፊት በእርሳስ ሰረዝ አድርጉ። በኦ ወይም በኢል ድምፅ የሚያልቅ ቁራጭ ካለም እዚያ ጋ ቁረጡ። ይሄኔ ዳይክሎሮ፣ ዳይፌኒል፣ ትራይክሎሮ፣ ኤቴይን ሆኖ ቁጭ ይላል።

አሁን ከኋላ ጀምሩ። ኤቴይን። ትራይክሎሮኤቴይን። ዳይፌኒልትራይክሎሮኤቴይን። ከዚያ ሙሉውን። አዲሱ ቁራጭ ሁሌ ፊት ላይ ስለሚመጣ፣ አፋችሁ የሚያመራው ወደለመደው ነው። ከፊት ስትጀምሩ ግን የሚከብደው መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል።

መጨረሻዋን ደግሞ አትዋጧት! ኤቴይን፣ ኤቲን፣ ኤታይን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካርቦኖቹ መካከል ያለው ትስስር በመጀመሪያው ነጠላ፣ በሁለተኛው ድርብ፣ በሦስተኛው ሦስት እጥፍ ነው። እንግሊዞች መነሻዋን ኤ ሳይሆን ኢ ይሏታል፤ በዚህ አትጨነቁ። የመሐሏ ት ግን የእኛ ት አይደለችም፤ ምላስን በጥርስ መሐል ብቅ ማድረግ ትፈልጋለች።