በልጆች የተራራ ብስክሌት ላይ ወላጆች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ልጁ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከብስክሌቱ ወርዶ መግፋት ይጀምራል። አባቱ «ይፈራል» ይለኛል። እኔ በቅድሚያ የማየው የልጁን እጅ ነው። ጣቶቹ የፍሬኑ እጀታ ላይ በጫፋቸው ብቻ ሲደርሱ ሳይ ነገሩ ይገባኛል። ልጁ ፈሪ አይደለም፤ ብስክሌቱን ማቆም እንደማይችል ያወቀ ልጅ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ስህተት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። የፍሬኑ እጀታ አዲስ ብስክሌት ላይ ብዙውን ጊዜ ከመሪው ራቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ለአዋቂ እጅ ርቀቱ ምንም አይደለም። የ7 ዓመት ልጅ ግን ጣቱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነው የሚነካው፤ የተዘረጋ ጣት ደግሞ ጉልበት የለውም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ወላጅ አንድ ከባድ ቦርሳ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ለማንሳት ይሞክር፤ ቀጥሎ ጣቶቹን አጥፎ ያንሳው። ልዩነቱን ክንዱ ይነግረዋል። እኛ ግን ልጁን «ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» እያልን እንቆጣዋለን። አንድ አባት የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ ካስቀየረ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ፍሬኑን በሙሉ ሊያስለውጥ መጣ። ፍሬኑ ምንም አልነበረበትም። እጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥቂት ዙር ሳዞር እጀታው ወደ ልጁ ጣቶች ቀረበ፤ ልጁም በዚያው ቅጽበት የኋላውን ጎማ ቀጥ አደረገው።

ብሎኗ አብዛኞቹ እጀታዎች ላይ አለች፤ የምትዞረው በትንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ወይም በካቻቪቴ ነው። የልጁ ጠቋሚ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ላይ ታጥፎ እጀታውን እስኪያቅፍ ድረስ አቅርቡት። ይህ ብቻውን አይበቃም። እጀታውን መሪው ላይ የያዘውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ሙሉውን ወደ መሪው መሐል ግፉት፤ ጣቱ እጀታውን ከጫፉ አካባቢ ይያዘው። በር ከማጠፊያው ራቅ ብሎ ሲገፋ እንደሚቀል ሁሉ፣ እጀታም ከመዞሪያው በራቀ ቦታ ሲሳብ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይሠራል። በመጨረሻ እጀታውን በሙሉ ኃይል ሳቡት። ፍሬኑ ሳይዝ መሪውን የሚነካ ከሆነ ከልክ በላይ አቅርባችኋል ማለት ነው፤ በገመድ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ገመዱን ወጠር አድርጉት። ሥራው 10 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

«ያድጋል» ተብሎ በትልቅ መጠን የሚገዛ ብስክሌት ሁለተኛው ነው። ልብስ ሰፋ ቢል እጅጌው ይታጠፋል፤ ብስክሌት ግን አይታጠፍም። ልጁ ከኮርቻው ወርዶ ሲቆም ሁለት እግሮቹ መሬት ሳይነኩ ከቀሩና የብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ከነካው፣ የሚያድግበትን ጊዜ በፍርሃት ነው የሚያሳልፈው። ክብደቱንም አስቡት። 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 13 ኪሎ ብስክሌት ሲነዳ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። 80 ኪሎ የሆነ አባት 40 ኪሎ ብስክሌት ዳገት ላይ ቢሰጠው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

የፊት ሞላውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ርካሽ ሞላ ከባድ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ብዙ ጊዜ ለልጅ ክብደት የጠነከረ ስለሆነ አይተኛም። ልጁ ሲቀመጥበት ንቅንቅ የማይል ሞላ ጥቅም የሌለው ብረት ነው። ለትንሽ ልጅ ሞላ ከሌለው ቀላል ሹካ (የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ብረት) ጋር ወፍራም ጎማ እመርጣለሁ። በአየር የሚሠራ ሞላ ከሆነ ግን ልጁ ተቀምጦበት ሞላው ከሙሉ እርዝመቱ ሩብ ያህል እስኪወርድ ድረስ አየሩን ቀንሱለት።

የጎማ አየር፦ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ጣሪያ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በአዋቂ ልክ የተነፋ ጎማ ልጅን በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ያነጥረዋል። ጎማው የሚፈቅደውን ዝቅተኛ መጠን አይታችሁ ከዚያ ትንሽ ከፍ በማድረግ ጀምሩ።

የግራ ፔዳል ብሎን ጥርስ ግልባጭ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት አስገብተው ጥርሱን የበሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሁለቱም ፔዳሎች የሚጠብቁት የቁልፉን ጫፍ ከላይ በኩል ወደ ፊተኛው ጎማ አቅጣጫ በመግፋት ነው። ግሪስ ቀብታችሁ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት አስገቡ፤ በጣት አልገባ ያለውን ቁልፍ አያቃናውም።

የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። የልጄ ብስክሌት መሪ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ከመሪው አንገት አናት ላይ ያለውን ብሎን ጥብቅ አድርጌ ሥራው አለቀ አልኩ። የላይኛው ብሎን ሥራው ኩሽኔታዎቹን ክፍተት እንዳይኖራቸው መጫን ብቻ ነው። መሪውን ከሹካው ጋር አጣብቀው የሚይዙት የአንገቱ ጎን ላይ ያሉት ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። እነርሱን አላልቼ ነበር፤ መልሼ አላጠበቅኋቸውም። ልጄ ቁልቁለት ላይ መሪውን ወደ ግራ አዞረች፤ ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የወደቀችው። እጇ ቢያብጥም አልተሰበረም። ቤት እስክንደርስ ድረስ አላለቀሰችም፤ እኔን ላለማሳዘን እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የጎን ብሎኖች ይላላሉ፣ ቀጥሎ የላይኛው ብሎን ክፍተቱ እስኪጠፋ ብቻ ይጠብቃል፣ ከዚያ የጎኖቹ ተራ በተራ በትንሽ በትንሹ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ አንገቶች ላይ የማጥበቂያው ልክ 5 ኒውተን ሜትር ያህል ተብሎ ይጻፋል፤ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ግዙ። የአዋቂ ክንድ ይህን ልክ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ የአሉሚኒየም ጥርስ ደግሞ አንዴ ከተበላ አይመለስም።

ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ብስክሌት ካላችሁ ሰንሰለቱን ለኩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 ማያያዣ በትክክል 12 ኢንች ወይም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ቀይሩት። 3 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሶችም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻውን ይዘላል። የእጀታውንም ርቀት ለታናሹ እንደገና አስተካክሉ፤ ከታላቁ እጅ ጋር አድጎ ርቋል።

ጎማ ወልቆ ሳለ የዲስክ ፍሬን (ጎማው መሐል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዝ ፍሬን) እጀታ አይሳብ፤ ሸራዎቹ ተጠጋግተው ዲስኩ አልገባ ይላል። በመካከላቸው የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አስገቡ። ሰንሰለት ስትቀቡም ስፕሬይ አትጠቀሙ፤ ዲስኩ ላይ የደረሰ ዘይት ሸራውን ያበላሻል። በሚኒራል ዘይት የሚሠራ ፍሬን ውስጥ ዶት (DOT) የሚባለውን የመኪና ዓይነት ፍሬን ዘይት አትጨምሩ፤ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ።

ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ስትሠሩ ግን ልጆችን አርቁ። የሚሽከረከር ጎማ ልጅን ይስባል፤ የዲስኩ ቀዳዳዎች ጣት ይቆርጣሉ። እኔ ጎማው በእጄ ካልቆመ በቀር ማንም እንዲቀርብ አልፈቅድም። ልጄ አሁን ቁልፍ የምታቀብለኝ ጎማው መቆሙን አይታ ነው፤ ከመውጣቷ በፊትም የፊቱን ጎማ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ትጠመዝዛለች።