የሴባስቲያን ሎብን የውድድር ሕይወት እንዴት መመዘን ይቻላል?

በብዙ ዓይነት የመኪና ውድድር የተሰለፈን አሽከርካሪ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዋንጫ ከመቁጠር ነው። በፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ ላይ ይህ ዘዴ ብዙ አያራምድም፤ ከ2004 እስከ 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ ያገኛቸው ዘጠኝ የዓለም ራሊ ሻምፒዮናዎች ቀሪውን ታሪኩን ይሸፍኑታልና። የሚሻለው እያንዳንዱን ውድድር ሲመለከቱ አሽከርካሪው ከፊቱ ስላለው መንገድ አስቀድሞ ምን ያህል ያውቅ እንደነበር መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ራሊውን ይመልከቱ። በራሊ መኪኖች ለትራፊክ በተዘጋ መንገድ ላይ ተራ በተራ ይለቀቃሉ፤ አሸናፊውንም የሚለየው ሰዓት ነው። አሽከርካሪው ከውድድሩ በፊት በተገደበ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ብቻ እያለፈ የእያንዳንዱን ኩርባ ጠባይ ይናገራል፣ ረዳቱም ይጽፋል፤ በውድድሩ ዕለት ረዳቱ ያንኑ መልሶ ያነብለታል። ዘጠኙም ሻምፒዮናዎች የተገኙት በሲትሮየን መኪናና በሞናኮው ተወላጅ በዳንኤል ኤሌና ረዳትነት ስለሆነ፣ ድሉን ለሎብ ብቻ መስጠት የሥራውን ግማሽ መርሳት ይሆናል። ሎብ ያለ እነርሱ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የ2022ቱን የሞንቴ ካርሎ ራሊ ይመርምሩ፤ በ47 ዓመቱ፣ በፎርድ ፑማ፣ የሒሳብ መምህርት ከሆነችው ኢዛቤል ጋልሚሽ ጋር ተሰልፎ ተፎካካሪውን ሴባስቲያን ኦዢዬን በ10.5 ሰከንድ በመቅደም 80ኛውን የዓለም ራሊ ድሉን አስመዝግቧል። ውድድሩ ሊጠናቀቅ ሲል የኦዢዬ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ግን አብሮ መመዝገብ አለበት።

በዙር መሮጫ፣ ማለትም መኪኖች አንድ ላይ እየዞሩ በሚፎካከሩበት ዝግ መንገድ ላይ ያደረጋቸውን ውድድሮች ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። በ2006 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ2014 እና በ2015 በዓለም የቱሪንግ መኪኖች (ለውድድር የተሻሻሉ የመንገድ መኪኖች) ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መንገዱን ሁሉም ተፎካካሪ በቃሉ ያውቀዋል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ጎን ለጎን የመጋፋት የዓመታት ልምድ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛነቱን እንደ ውድቀት መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም።

ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደው የፓይክስ ፒክ የተራራ ውድድር ነው። መንገዱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን 156 ኩርባዎች አሉት፤ ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል። ሎብ በ2013 የተሰለፈባት ፔዦ 208 ቲ16 ክብደቷ 875 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቷም 875 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫነው የክንፏ ኃይልም ይቀንሳል፤ በመሆኑም ከታች በደህና የታለፈ ፍጥነት ከላይ ገደል ሊከት ይችላል። ተወዳዳሪዎች ልምምድ የሚያደርጉት መንገዱን በክፍል በክፍል ከፍለው ስለሆነ፣ ከታች እስከ ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚነዱት በውድድሩ ቀን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሎብ ረዳት አልነበረውም፤ ኩርባዎቹን ሁሉ በአእምሮው ይዞ በ8 ደቂቃ ከ13.878 ሰከንድ ደረሰ፣ የቀድሞውንም ክብረ ወሰን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አሻሻለ። ሌላው ፈረንሳዊ ሮማን ዱማ በ2018 ይህን ክብረ ወሰን ሲሰብር የነዳው የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በአየር መሳሳት አይደክምም።

በመጨረሻ ለብዙ ቀናት በበረሃ ወደሚካሄደው የዳካር ራሊ ይሂዱ። እዚያ መንገዱን አስቀድሞ ማየት ክልክል ነው፤ አቅጣጫ ጠቋሚ ረዳቶቹ የሚመሩበት የመንገድ መግለጫ በቅርብ ዓመታት የሚሰጣቸው ሊነሡ ሲሉ ነው። ሎብ በ2017፣ በ2022 እና በ2023 ሁለተኛ፣ በ2019 እና በ2024 ሦስተኛ ወጥቷል። የማጠቃለያውን ሰንጠረዥ ብቻ ካዩ ፍጥነቱ የቀነሰ ሊመስልዎት ስለሚችል የየዕለቱን ውጤት ያንብቡ። በ2023 ስድስት ተከታታይ የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ ሳለ ከአሸናፊው ከናስር አል አቲያ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ጨርሷል፤ ያ ሰዓት ከየት እንደ ጎደለ ለማወቅ ጎማዎቹ ተደጋግመው የተነፈሱባቸውን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማየት ያስፈልጋል።