ከውጭ በገባ ተክል ላይ ትሪፕስ ሲገኝ በብዛት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ትሪፕስ ተክል የሚጎዱ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፣ ስማቸውን ስንለይ ቀለም አይተን ስም መስጠት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ቢጫ ከሆነ ወዲያው "ትሪፕስ ፓልሚ ነው" ይባላል (ከውጭ በሚገባ ተክል ላይ በጣም የሚፈራው ዝርያ ነው)፣ ግን ቢጫ ዝርያ ሞልቷል፣ የኛው የሽንኩርት ትሪፕስ ራሱ ሙቀት ውስጥ ካደገ ይነጣል፣ ፍራንክሊኒዬላ ኦክሲደንታሊስ የሚባለው ሌላ ትሪፕስ ደግሞ ከቢጫ እስከ ጥቁር ቡኒ ድረስ ይመጣል።

ተክሉን አይቶ መገመትም እንደዛው ነው። ፓልሚ ከታይላንድ በሚመጣ ኦርኪድ ላይ አውሮፓ ውስጥ ደጋግሞ ስለተያዘ ኦርኪድ ላይ ያለ ሁሉ እሱ ነው ማለት አይደለም፣ ከሌላ ተክል መጥቶ ዝም ብሎ ያረፈም ሊሆን ይችላል።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ናሙናውን ያበላሻል። ነፍሳቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ 95% አልኮል ውስጥ ከገባች ትደርቅና ስላይድ ላይ ክንፏን እዘረጋለሁ ስትሉ አንቴናዋ ይሰበራል፣ ለስላይድ 60% አካባቢ ይሻላል። ለዲኤንኤ ግን ጠንካራው አልኮል ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ከአንድ በላይ ካገኛችሁ እባካችሁ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን በአንድ ምልክት መወሰን ነው። "አንቴናው 7 አንጓ ነው" ብላችሁ ብታቆሙ ፍራንክሊኒዬላን ብቻ ነው ያስወጣችሁት (የሱ 8 ነው)፣ የሽንኩርት ትሪፕስም 7 ነው ያለው። ስለዚህ ቀጥሉ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሶስት ትንንሽ ዓይኖች በሶስት ማዕዘን ተቀምጠዋል፣ በነሱ አካባቢ ካሉት ጥንድ ጥንድ ፀጉሮች ሶስተኛው ጥንድ ፓልሚ ላይ ከሶስት ማዕዘኑ ውጪ ነው የሚበቅለው፣ በጣም የሚመስለው ትሪፕስ ፍላቩስ ላይ ግን ውስጥ ነው። ከዛ ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ የኋላ ክንፎች መካከል ያለውን ሰሌዳ እዩ፣ ፓልሚ ጥንድ ትንንሽ ቀዳዳ የሚመስሉ ነጥቦች አሉት፣ የሽንኩርቱ የለውም። ሆዱ ሁለተኛ አንጓ ላይ በጎን ያሉትን ፀጉሮች ቁጠሩ፣ ፓልሚ 4 የሽንኩርቱ 3። ይሄ ሁሉ በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ እንጂ በእጅ ሌንስ አይታይም።

ይሄን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው፣ እ.ኤ.አ. 2000 ላይ ፓልሚ ደቡብ እንግሊዝ አንድ የክሪሳንተመም ግሪንሃውስ ውስጥ ተገኝቶ እስኪጠፋ ከዓመት በላይ ፈጅቷል። ሌላውን ዝርያ በስህተት ፓልሚ ካልነው ደግሞ የገበሬው ጭነት በከንቱ ይወድማል።

እጭ ብቻ ከተገኘ በቅርፅ የዝርያ ስም አትስጡ፣ እነዚህ ምልክቶች የአዋቂው ናቸው። "እጭ፣ ዝርያው አልተለየም" ብላችሁ ጻፉና ለዲኤንኤ ላኩት።