ቨርቹዋል ማሽኑ አልነሳ ሲላችሁ

ጓደኞቼ ሲደውሉልኝ ቅሬታቸው ሁሌ አንድ ነው። «ኡቡንቱው ተበላሸብኝ።» ስጠይቃቸው ኡቡንቱው፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ያለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ገና አልተጫነም። ያልተጫነ ነገር ደግሞ አይበላሽም።

ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክና የራሱ ኔትወርክ ያለው ይመስለዋል። የሚበላው ግን ከእናንተው ነው። ለዚህም ነው የውስጡን ጌስት፣ የውጩን ሆስት የሚሉት፤ እንግዳና ባለቤት። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ እንግዳው ጋ ታይተው ምክንያታቸው የተገኘው ባለቤቱ ጋ ነው። ስለዚህ እንግዳውን አባርራችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ቤቱን ፈትሹ።

እዚህ የማወራው ቨርቹዋል ማሽን ስለሚሠራልን ሶፍትዌር፣ ስለ ቨርቹዋልቦክስ ነው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ሆም ላይም ይሠራል።

ስታርት ስትሉት ወዲያው ስህተት ያወጣል

ምልክቱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «ቪቲ ኤክስ ኢዝ ዲስኤብልድ» የሚል መልእክት ነው። ሌላው ዝም ያለ ነው፤ አዲስ ማሽን ስትሠሩ ዝርዝሩ ውስጥ 64 ቢት የሚባል ነገር የለም፣ ያለው 32 ቢት ብቻ ነው።

ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ለቨርቹዋል ማሽን የሚረዳ አቅም (ኢንቴል ላይ ቪቲ ኤክስ የሚባለው) ፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል። ብዙ ኮምፒውተሮች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ አቅም ተዘግቶ ነው የሚወጡት።

መጀመሪያ አረጋግጡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። ከግራፉ ስር «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር አለ። ዲስኤብልድ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) መግባት ግድ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ኤችፒ ላይ ኤፍ 10ን፣ ዴል ላይ ኤፍ 2ን፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1ን ወይም ኤፍ 2ን ደጋግማችሁ ምቱ። ኢንቴል ከሆነ «ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» የሚል ታገኛላችሁ። ኤኤምዲ ላይ ስሙ «ኤስቪኤም ሞድ» ነው። ኤኔብልድ አድርጉት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ከዚያ ሪስታርት ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩ።

እኔ ይቺን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት አቃጥያለሁ። አይኤስኦውን (የኡቡንቱን መጫኛ ፋይል) ሁለቴ ዳውንሎድ አድርጌዋለሁ፣ በገዛ ፓኬጄ። ነገሩ ለካ አንዲት መስመር ነበረች።

ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮሳቸው በፓስወርድ የተቆለፈ ነው። ዊንዶውሱ ምንም ሳያስቸግር ይነሳል፣ ባዮስ ስትገቡ ግን በሩ ዝግ። ባትሪ ነቅሎ መመለስ ብዙዎቹ ላይ አይሠራም። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ ባዮስ ገብታችሁ እዩት።

ይነሳል፣ ግን እንደ ኤሊ ይጎተታል

ኤሊ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ማሽኑ ሲነሳ ከመስኮቱ ስር በስተቀኝ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች እዩ። አረንጓዴ ኤሊ ካለች ምክንያቱን አገኛችሁት። ዊንዶውስ ሃይፐር ቪ የሚባል የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት አለው፤ ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ይይዘዋል። ቨርቹዋልቦክስ ከዚያ የተረፈውን ለምኖ ነው የሚሠራው።

መፍትሄው «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» የሚለውን ከፍቶ ሃይፐር ቪ፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። ኤሊዋ አሁንም ካለች ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ኮር አይሶሌሽን ግቡና «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ»ን አጥፉ። እዚህ ላይ አስቡበት። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ከቫይረስ የሚከላከል ነገር ነው። የባንክ ሥራ በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ እኔ ብሆን ኤሊዋን ችዬ እኖራለሁ። ዶከር ወይም የዊንዶውሱን ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነም ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም ሲጠፋ እነሱም አብረው ይቆማሉ።

ኤሊ ሳትኖር የሚጎተት ከሆነ ራሙን እዩ። 8 ጊጋ ራም ያለው ሰው ለእንግዳው 6 ይሰጥና ሁለቱም ይሰቃያሉ። ባለቤቱ ራም ሲያጥረው ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፣ በዚህ ጊዜ ማውሱ ራሱ ይቆማል። የኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ 4 ጊጋ ራምና 25 ጊጋ ዲስክ ይፈልጋል። 8 ጊጋ ላላችሁ 4 ስጡና ክሮምን ዝጉት። 4 ጊጋ ብቻ ካላችሁ ቀለል ያሉትን የኡቡንቱ ዓይነቶች፣ ዙቡንቱን ወይም ሉቡንቱን ሞክሩ፣ 2 ጊጋ ይበቃቸዋል። አሮጌው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ምንም ሴቲንግ አያድነውም። ኤስኤስዲ አስገቡ።

ጥቁር ስክሪን፣ «ኖ ቡተብል ሚዲየም»

ማሽኑ የሚነሳበት ነገር አጥቷል። ወይ አይኤስኦው አልተያያዘም፣ ወይ የተያያዘው ጎዶሎ ነው። ሴቲንግስ፣ ስቶሬጅ ገብታችሁ ሲዲው «ኤምፕቲ» ካለ አይኤስኦውን ምረጡለት። የመጀመሪያው ቀላል ነው።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ኤስኤችኤ 256 የሚለውን ምረጡ። ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ይሰጣችኋል። ኡቡንቱ ገጽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ፋይሉን ጣሉት።

ከጓደኛ በፍላሽ ልትቀዱ ስትሉ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ፍላሹ ቦታ አጥቶ አይደለም። 64 ጊጋ ባዶ ፍላሽ ላይም ይመጣል። ፋት 32 ሆኖ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

መብራት ጠፍቶ መጣ

ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ለምትጠቀሙ ይሄ የዘወትር ጉዳይ ነው። ሦስት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ቀላሉ፣ የማሽኑ ስም ስር «አቦርትድ» ተብሎ ይጻፋል። አትደንግጡ። ሶኬቱ እንደተነቀለ ኮምፒውተር ነው፣ ስታርት በሉት።

መካከለኛው፣ ሊኑክሱ ግማሽ መንገድ ይሄድና ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል በቅንፍ ጽፎ ጭጭ ይላል። ሲጽፍ መብራት ስለሄደበት የፋይል ሥርዓቱ ተዛብቶ ነው። ትእዛዙ ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ የሚሉት አራት የላቲን ፊደሎች ናቸው፣ በትንንሽ ፊደል (ስሞል ሌተር) ይጻፋሉ። ክፍተት ትታችሁ ከላይ መልእክቱ ላይ የተጠቀሰውን የዲስክ ክፍል ስም አስከትሉ። ላስተካክል ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ ለእያንዳንዱ ዋይ በሉ። ሲጨርስ ሪስታርት።

የሚያስደነግጠው ሦስተኛው ነው። ቨርቹዋልቦክስን ስትከፍቱ ማሽኑ አጠገብ «ኢንአክሰሰብል» ይላል። ዝርዝሩን ስታነቡ ሰነዱ ባዶ ነው የሚል ነገር ታያላችሁ። ሰው ይህን ሲያይ «በቃ ሁሉም ጠፋ» ብሎ ማሽኑን ያጠፋዋል። እባካችሁ አታጥፉት! የተበላሸው ዲስኩ ሳይሆን የማሽኑ ሴቲንግ የተጻፈባት ትንሽ ፋይል ናት። ዊንዶውስ ውስጥ በስማችሁ ካለው ፎልደር «ቨርቹዋልቦክስ ቪኤምስ» የሚለውን ክፈቱ፣ የማሽኑን ፎልደር ግቡ። መጨረሻዋ ቪቦክስ የሆነች ፋይል አለች፣ መጠኗ ዜሮ ነው። አጠገቧ ያው ስም ያላት፣ መጨረሻዋ ላይ «ፕሬቭ» የተጨመረባት አለች። ቨርቹዋልቦክስ ራሱ የሚያስቀምጣት የቀድሞ ቅጂ ናት። ቨርቹዋልቦክስን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ባዶዋን ሌላ ቦታ ውሰዷት፣ ቅጂዋን ኮፒ አድርጋችሁ ስሟን በዋናዋ ስም ቀይሩ። ክፈቱት። ማሽኑ ከነሙሉ ነገሩ ይመጣል። አንዲት የእህቴ ጓደኛ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን በዚህ መንገድ ነው ያገኘችው፤ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር።

መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ማሽኑን ስትዘጉ «ሴቭ ዘ ማሽን ስቴት» የሚለውን ምረጡ። ካለበት ላይ ይቆማል።

ሥራ መሃል ላይ በራሱ ፖዝ አደረገ

የእናንተ ሃርድ ዲስክ ሞልቷል። የእንግዳው ዲስክ 50 ጊጋ ብላችሁ ብትሠሩትም መጀመሪያ ትንሽ ሆኖ እየተጠቀማችሁ ሲሄድ ነው የሚያድገው። እንግዳው ውስጥ ፋይል ብታጠፉ መልሶ አይቀንስም። ባለቤቱ ላይ ቦታ አስለቅቁ፣ ከዚያ ሪዚዩም በሉት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቦታ ፍለጋ «ስናፕሾትስ» የሚለው ፎልደር (በየጊዜው ያስቀመጣችኋቸው የማሽኑ ሁኔታዎች ያሉበት) ገብታችሁ ፋይል በእጃችሁ እንዳታጠፉ። አንዷ ከጠፋች ከሷ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ይሄዳል። ማጥፋት ካለባችሁ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ሆናችሁ አጥፉ፤ ሲያዋህድ ለጊዜው ትርፍ ቦታ ስለሚፈልግ ዲስኩ ጢም ከማለቱ በፊት ይሁን።

ኔቱ አይሠራም፣ ወይም ፓኬጁ አለቀ

ኔትወርኩ «ናት» (እንግዳው በባለቤቱ በኩል ኔት የሚያገኝበት መንገድ) ላይ ከሆነና እናንተ ጋ ኔት ካለ እንግዳውም ያገኛል። አድራሻው 10.0.2.15 መሆኑ ችግር አይደለም፣ የናት የተለመደ አድራሻ ነው። «ብሪጅድ» (እንግዳው ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ኔትወርኩ ላይ የሚገባበት) አድርጋችሁ ዋይፋይ ላይ እንቢ ካለ ወደ ናት መልሱት፤ ብሪጅድን የማይወዱ የዋይፋይ ካርዶች አሉ።

ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ። እንግዳው የተያያዘው በኬብል ይመስለዋል። ስለ ፓኬጃችሁ አያውቅም፣ አፕዴቱን እንደልቡ ያወርዳል። እኔ ማሽኑን ከጫንኩ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው አውቶማቲክ አፕዴትን ማጥፋት ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስደርስ በእጄ አፕዴት አደርጋለሁ።

ስክሪኑ የክብሪት ሳጥን አከለ፣ ማውሱም አልወጣ አለ

ሁለቱም እንግዳው ውስጥ የሚጫነው የቨርቹዋልቦክስ አጋዥ ሶፍትዌር፣ «ጌስት አዲሽንስ» ስላልተጫነ ነው። ማውሱን ለማውጣት የቀኙን ኮንትሮል ተጫኑ። ከዚያ ከላይ ዲቫይስስ ውስጥ «ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ ሲዲ ኢሜጅ» በሉ፣ እንግዳው ውስጥ የመጣውን ሲዲ ጫኑት፣ ሪስታርት። ሊኑክስ ላይ ሼርድ ፎልደር (እንግዳውና ባለቤቱ የሚጋሩት ፎልደር) አልከፍትም ካለ ዩዘራችሁን «ቪቦክስኤስኤፍ» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ ግቡ።

አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒና የድሮ የግዕዝ ፋይሎች

ቨርቹዋል ማሽን እኛ አገር ከሌላው የበለጠ የሚጠቅምበት ቦታ አለ ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደሎች ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈው ሁሉ ፊደሉን በላቲን ኮድ ቦታ ላይ ያስቀመጠ ነው። ዛሬ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። የድሮው ሶፍትዌር ከነፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ግን ያነበዋል።

ማተሚያ ቤት የሠሩ አጎቴ ኤክስፒ ያለበት የድሮ ኮምፒውተራቸው ሊሞት ሲል ዲስኩን እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ዲስክ ቀየርኩላቸው። ስናስነሳው ሰማያዊ ስክሪን፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር። «አለቀለት?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

7ቢ ማለት ኤክስፒ የተነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ዲስኩ የተያያዘው «ሳታ» የሚባለው የዲስክ ማያያዣ ላይ ነበር፤ ኤክስፒ ደግሞ የሳታውን ድራይቨር ይዞ አልመጣም። ማሽኑን አጥፉ፣ ስቶሬጅ ውስጥ ዲስኩን ከሳታ አላቁት (ፋይሉን አታጥፉ፣ ማላቀቅ ብቻ)፣ የድሮውን ማያያዣ «አይዲኢ» ጨምሩና እዚያ ላይ መልሳችሁ አያይዙት።

ኔትወርኩን ዝጉበት። ኤክስፒ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ መደበኛ የደህንነት አፕዴት አያገኝም፣ ኢንተርኔት ላይ ምን ሥራ አለው? ፋይል ለማውጣት ሼርድ ፎልደር ይበቃል። ለማተም ደግሞ እዚያው ፒዲኤፍ ሥሩና ፒዲኤፉን ወደ ሆስት አውጡት፤ ፎንቱ አብሮት ይወጣል።

መጀመሪያ የከፈትነው የሠርግ ጥሪ ነበር፣ የ1991 ዓ.ም.። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው የሙሽሮቹን ስም ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ «ሁለተኛውን ክፈተው እስቲ» አሉኝ።